ጥር ላይ ጧ ያለው ጠረጴዛ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጀሞ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሱቅ የገዛነው የሶፋ ጠረጴዛ ቺፑድ ስለነበር ቡና በፈሰሰበት ቁጥር ጠርዙ እያበጠ፣ ልባሱ እየተላጠ አለቀ። ባለፈው ነሐሴ እልህ ያዘኝና የፈረንጅ ጥድ ጣውላ ገዝቼ ራሴ ሠራሁ። መጋዙንና መዶሻውን ከጎረቤት ተዋስኩ። መስከረም ላይ ያየው ሁሉ አደነቀልኝ። ጥር ላይ ግን ሌሊት ተኝተን ሳለ ጧ ብሎ ጮኸ። ብነሣ መሐሉ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ አሁን እስክሪብቶ ያስገባል። አንዱ ጣውላም ሁለት ጠርዙ ወደ ላይ ተነሥቷል። ባለቤቴ ‹ገበያው ሞልቶ ምን አስጨነቀሽ› ይለኛል። አማቴ ደግሞ የሠራሁትን ሰምተው ከገጠር ሦስት የዋንዛ ጣውላ ላኩልኝ፤ የድሮ ቤታቸው በር ነበር። እሱንም እንዳላበላሸው ፈርቼ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ጥፋቴ ምን ነበር? ያለ ማሽንስ ይሠራል? ቡና የማፈላበትም እንግዳ የማስተናግድበትም አንድ ጠረጴዛ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። ለፋሲካ ይደርስልኝ ይሆን?»

እኅቴ፣

ከጥፋትሽ እንጀምር፤ የሌላውም ጥያቄሽ መልስ ከዚያ ይወጣል። ጠረጴዛሽን የሰነጠቀው ምስማሩ ነው። አጣመሽ ስለመታሽው ግን አይደለም። እንዲያውም አጥብቆ ስለያዘ ነው።

በክረምት ከእንጨት መሸጫ የሚገዛ ጣውላ ብዙውን ጊዜ እርጥብ ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ዝናብ በሚያገኘው ግቢ ተቆልሎ ይሰነብትና ይሸጣል። አንቺም ገዝተሽ ሳይውል ሳያድር መታሽው። ክረምቱ ወጣ፣ የጥቅምትና የኅዳር ነፋስ መጣ፣ ጥር ላይ የአዲስ አበባ አየር ከንፈር እስኪሰነጥቅ ደረቀ። እንጨቱም ውኃውን ለአየሩ እየሰጠ ጠበበ። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በወርዱ ግን ይሰበሰባል። 70 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የጠረጴዛ ፊት ከእንጨት መሸጫ እርጥበት ወደ ሳሎን ድርቀት ሲመጣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ አንዳንዴም ወደ 2 የሚጠጋ ሊጠብ ይችላል።

አሁን ከሥር ያለውን ተመልከቺ። በወርዱ በኩል ፊቱን የተሸከሙት አግዳሚዎች በርዝመታቸው የተጋደሙ ናቸው፤ እነሱ አያጥሩም። አንቺ ደግሞ ፊቱን ከነሱ ጋር ዙሪያውን በምስማር አስረሽዋል። ላዩ ልጥበብ ይላል፣ ታቹ አልለቅም ይላል። ጉልበቱ ከመስከረም ጀምሮ ሲጠራቀም ከርሞ አንድ ሌሊት ደካማውን መስመር አግኝቶ ወጣ። ሌሊት የሆነውም እንዲሁ አይደለም፤ የበጋ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቤት ውስጥ ያለ እንጨት ሁሉ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ጠርዙ የተነሣው ጣውላ ሌላ ታሪክ አለው፤ ግን አባቱ ያው ነው። የጣውላውን ጫፍ ብታዪ የዛፉን የዕድሜ ቀለበቶች በቅስት ተሥለው ታገኛቸዋለሽ። ሲደርቅ ቅስቶቹ ቀጥ ማለት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከዛፉ ልብ የራቀው ፊት ወደ ላይ ሆኖ ከተመታ ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ወደ ታች ከሆነ መሐሉ ያብጣል። በደረቀ ጣውላ ላይ ይህ ከምንም አይቆጠርም። በእርጥቡ ላይ ግን ሲኒ እስኪያንገዳግድ ይደርሳል።

ስለዚህ ያንቺ እጅ ደኅና ነው። የሠራሽው ጠረጴዛ ከነሐሴ እስከ መስከረም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ መጋዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለያዘ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። የጎደለሽ አንድ ዕውቀት ብቻ ነው፦ ፊቱ ከእግሩ ጋር መያያዝ አለበት፤ መታሰር ግን የለበትም። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን የተሰነጠቀውን እንዳትጥዪው። ቤት ውስጥ ከነሐሴ ጀምሮ ሰባት ወር የከረመ የ3 ሴንቲ ሜትር ጣውላ አሁን ደርቋል። ዛሬ ገበያ ወጥተሽ እንደሱ ያለ ደረቅ የፈረንጅ ጥድ ልግዛ ብትዪ ማግኘትሽን እንጃ። ስለዚህ የአዲሱ ጠረጴዛ እግርና አግዳሚ ከሱ ይውጣ፤ ዋንዛው ለፊት ብቻ ይሁን። ምስማሮቹን ስታወጪ ፒንሳው ከሥሩ ስስ ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን አድርጊለት፤ አለዚያ እንጨቱን ይቦድሰዋል። ስንጥቁ ባለበት በኩል ቀጥ አድርገሽ ብትቆርጪው የሚጠፋብሽ ሁለት ጣት የማይሞላ ነው።

ደርቋል ያልኩሽን በእኔ ቃል አትመኚ፤ ሚዛን አለ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን አንድ ክንድ ያህል ገባ ብለሽ በወርዱ የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቁረጪ። ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልልሻል። ቁራጩን መዝኚና ጻፊ። ከዚያ ከ100 ዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ ሙቀት ምድጃ ውስጥ አስቀምጪው፤ በየሰዓቱ እያወጣሽ መዝኚ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ውኃው አለቀ ማለት ነው። የመጀመሪያው 112 ግራም፣ የመጨረሻው 100 ግራም ከሆነ በእንጨቱ ውስጥ የነበረው እርጥበት 12 በመቶ ነበር፤ ለቤት ዕቃ የምንፈልገው ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ነው። 18 ወይም 20 ከወጣ ጣውላው ገና ነው። ምድጃ ከሌለሽ ሙሉውን ጣውላ በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን መዝኚ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ክብደቱ ካልተለወጠ ከቤትሽ አየር ጋር ተስማምቷል። በመዳፍ ነክቶ «ደረቅ ነው» የሚል ሻጭ እንዳያሳምንሽ፤ ላዩ ሁልጊዜ ደረቅ ነው።

ወደ ዋንዛው እንምጣ። አማትሽ የላኩልሽ ነገር ዋጋው ቀላል አይደለም። ዋንዛ ለመላግ የሚመች፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም፣ ለክብደቱ ጠንካራ እንጨት ስለሆነ በርም፣ አልጋም፣ ከበሮም ሲሠራበት ኖሯል። በዚሁ የተነሣ ከጫካው እየጠፋ ሄደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ጥድ የተባለው የሐበሻው ነው፤ ያንቺ የፈረንጅ ጥድ እየተተከለ የሚቆረጥ ሌላ ዛፍ ነው። አሮጌ በር ግን የማንንም ደን አይነካም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ አሮጌ እንጨት የሚያገላብጥ አናጺ ካየሽ ድህነት እንዳይመስልሽ፤ ደረቅ እንጨት ፍለጋ ነው።

የበር እንጨት ሦስት ነገር ይደብቃል። አንደኛው ምስማር ነው። ተሰብሮ የቀረ፣ ላዩ ዝጎ ከእንጨቱ ጋር ቀለሙ የተመሳሰለ ምስማር የመላጊያ ስለት ይበላል፤ በማሽን ከሆነማ ብልጭታ ይረጫል። ማግኔት በክር አንጠልጥለሽ በጣውላው ላይ ቀስ ብለሽ አሳልፊው፤ ምስማር ያለበት ቦታ ሲደርስ ዘንበል ይላል። ሁለተኛው ነቀዝ ነው። መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ ብታዪ አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ ድሮ ወጥቶ የሄደ ነው። ጣውላውን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመሽ አሳድሪው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ከተገኘ ግን ነዋሪው አለ፤ ያንን ክፍል ቁረጪና ከቤት አውጪው። በናፍጣ እቀባዋለሁ ብትዪ ሽታው ከሳሎንሽ አይወጣም። ሦስተኛው ቀለም ነው። በሩ የዘይት ቀለም ተቀብቶ ከነበረ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጊው፤ በተለይ ልጅ ባለበት ቤት። የጭስ ጥላሸት ብቻ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅና በመላጊያ ይለቃል። ከሥሩ የሚወጣውን ቀለም ስታዪ አልጋ ሥር መደበቅሽ ይቆጭሻል።

ስለ መጠኑ የጻፍሽልኝን አይቻለሁ፤ ሶፋሽ 2 ሜትር፣ መቀመጫው ከወለል 42 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስቱ ጣውላዎች እያንዳንዳቸው 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 130 ርዝመትና 4 ውፍረት። ጠርዛቸው ሲስተካከል አንዳንዱ 18 ተኩል ገደማ ይቀረዋል። ሦስቱ ተጋጥመው 55 ይሆናሉ። ርዝመቱን 110 አድርጊው፤ የተሰነጣጠቀ ጫፍ ለመቁረጥም ይተርፍሻል። ከፍታው ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ከ40 እስከ 42። ከሶፋው እስከ ጠረጴዛው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ ጉልበት ይመታል፣ ከበለጠ ደግሞ እንግዳሽ ሲኒውን ለማስቀመጥ ከመቀመጫው ይነሣል።

ቡና የማፈላበትም ይሁንልኝ ያልሽውን ግን አልስማማም። ቡና የምታፈላ ሴት በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። ጀበናን ከ42 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ላሉ ሲኒዎች ስትቀጂ ክንድሽ ከትከሻሽ ይስተካከላል፤ በሁለተኛው ላይ ይደክምሻል፣ በሦስተኛው ላይ ይፈስብሻል። ከሰሉ ደግሞ አለ። የእጣን ማጨሻና የከሰል ምድጃ የትኛውም ቫርኒሽ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ከሥሩ ሰሃን ቢደረግለትም ሙቀቱ ያልፋል። ረከቦቱ ከቄጠማው ጋር ወለሉ ላይ ይቅር። ጠረጴዛው የሚይዘው ቁርሱን፣ ፈንዲሻውንና የእንግዳውን ሲኒ ነው። ለረከቦቱ ላደርግለት የምመክርሽ ሌላ ነገር ነው፦ ማረፊያ። ሲኒዎቹ ተደርድረውበት ከፍታውን ለኪ። እግሩ 39 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ያለው አግዳሚ 9 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቢሆን ከሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቀራል። ረከቦትሽ ከፍ የሚል ከሆነ አግዳሚውን 7 አድርጊው። ቡናው ሲያልቅ ረከቦቱ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል፤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ይህ ትልቅ ቦታ ነው።

«ያለ ማሽን ይሠራል?» ይሠራል። ግን ሁሉንም በእጅሽ መሥራት ግዴታሽ አይደለም። ዋንዛውን ውፍረቱን ማስተካከልና ቀጥ አድርጎ መሰንጠቅ በእጅ መላጊያ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ ማሽን ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ግን ቁጭ ብለሽ ሻይ ሳትጨርሺ ያደርስልሻል። ምስማሩን ለቅመሽ ካልጨረስሽ ግን አትውሰጂው፤ ስለቱን ካበላሸሽበት ባለቤቱ ሁለተኛ አያስገባሽም፤ ደግሞም እውነት አለው። 3 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር ጋር አስቀርልኝ በዪው። በዚያው የፈረንጅ ጥዱንም ለእግር 6 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ስትሪፕ ያሰንጥቅልሽ። ሁለት ሁለቱን በኮላ ስታጣብቂያቸው 6 በ6 የሚጠጋ እግር ይወጣሻል። ሁለት የደረቀ እንጨት የተጣበቀ እግር ከአንድ ወፍራም እርጥብ ሞራሌ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይኖራል።

የቀረው ቤት የሚሠራ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መዶሻና መጋዝ ጎረቤት ያጣላል፤ የጋራ መጠቀሚያውን ቤት (ኮሙናሉን) የሚያስተዳድሩትን አስፈቅደሽ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ብትሠሪ ይሻላል፤ ፍግፋጊውም እዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር ግን በእጅሽ ሥሪው፤ የሦስቱን ዋንዛ መጋጠሚያ ጠርዝ። ብልሃቱ ይኸውልሽ። ጎን ለጎን የሚጋጠሙትን ሁለት ጣውላ እንደ መጽሐፍ አጥፈሽ ፊት ለፊት አገናኚያቸው፤ የሚጋጠሙት ጠርዞች ሁለቱም ወደ ላይ ይሁኑ። በሞርሳ (በማጥበቂያ ብረት) አብረሽ ያዣቸውና ሁለቱን ጠርዝ በአንድ መላጊያ አብረሽ ላጊያቸው። እጅሽ ወደ ግራ ቢያዘነብል አንዱ ጠርዝ በዚያ ልክ ይጎድላል፣ ሌላው በዚያው ልክ ይተርፋል፤ ተዘርግተው ሲጋጠሙ አንዱ የሌላውን ስሕተት ይውጠዋል፣ ፊቱም ጠፍጣፋ ይወጣል። መላጊያው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያልተቆረጠ ስስ ቅርፊት ሲያወጣ ደርሰሻል። አንዱን በሌላው ላይ አቁመሽ ከጀርባ በስልክሽ መብራት አብሪበት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ኮላ አይሞላውም፣ ድገሚው። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ጥሩ የገጠመ ጠርዝ ነጭ የእንጨት ኮላ ብቻውን ይይዘዋል፤ ችንካርም ምስማርም አይሻም። በኋላ ቢሰበር እንኳ የሚሰበረው እንጨቱ ነው።

ኮላው በስስ ይቀባ፣ ጠርዙን በሙሉ ይሸፍን። ሞርሳ ሲጠብቅ በመስመሩ ላይ ትንንሽ ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ የሚወርድ ከሆነ በዝቷል። ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጊው፤ ውኃው ኮላውን ወደ እንጨቱ ቀዳዳ ያስገባውና ቫርኒሽ ሲቀባ ነጣ ብሎ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ እንደ ላስቲክ ሲሆን በመሮ ፋቂው። ረጅም ሞርሳ ከሌለሽ ከተጋጠሙት ጣውላዎች ወርድ የሚረዝም ጠንካራ እንጨት ላይ ግራና ቀኝ ማገጃ ምቺ፤ ጣውላዎቹን መሐል አስገብተሽ ከአንዱ በኩል ሁለት ሽብልቅ በተቃራኒ አቅጣጫ አስገቢ። ሽብልቆቹን በመዶሻ ቀስ እያልሽ ስታቀራርቢያቸው ከብረት ሞርሳ አያንሱም። ሦስት ቦታ አድርጊው። እስከ ማግስቱ አትንኪው። ማታ በረንዳ ላይም አታሳድሪው፤ ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ለዚያ ሩቅ አይደለም።

እግርና አግዳሚው የሚያያዘው በጉድጓድና በምላስ (የአንዱ ጫፍ ሌላው ውስጥ ገብቶ) ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አላስገድድሽም። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት የእንጨት ችንካርና ኮላ፣ ከውስጥ ደግሞ ጥጉ ላይ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ማጠናከሪያ እንጨት በብሎን። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) በየጊዜው አስጠጊ። አራቱ እግር ቆሞ ሲጨርስ ከጥግ ወደ ጥግ በሜትር ለኪ፤ ሁለቱ ሰያፍ ልክ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀና ነው፤ ካልሆኑ ኮላው ሳይደርቅ ረጅሙን ሰያፍ ጫን ጫን አድርጊው።

እዚህ ጋ ነው ያለፈው ዓመት ጠረጴዛ የጠፋው። ፊቱን ከላይ በምስማር አትምቺ። ኮላም ዙሪያውን አትቀቢ። ከሥር በኩል፣ ከአግዳሚው ውስጥ በተለጠፉ ትንንሽ እንጨቶች በኩል በብሎን ያዢው። የብሎኑ አንገት 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚያልፍበት ቀዳዳ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ሮንዴላ አድርጊበት፤ አጥብቂው ግን አታንቂው። እነዚህ ሰፋፊ ቀዳዳዎች በግራና በቀኝ ጠርዝ ያሉት ናቸው። መሐል ላይ ያሉትን ሁለቱን በልኩ ቀዳዳ አጥብቀሽ እሠሪያቸው። እንዲህ ከሆነ ፊቱ ከመሐል ተይዞ በበጋ ወደ ውስጥ፣ በክረምት ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ይኖራል፤ ማንም አያየውም። ብሎኑ ወደ ፊቱ እንጨት ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይገባ አስቀድመሽ ለኪ። የ5 ሴንቲ ሜትር ብሎን አንሥቶ አማት የላኩትን ዋንዛ ከላይ ብቅ ያደረገ ሰው አውቃለሁ።

ጠረጴዛው ቢወዛወዝ እግር ለመቁረጥ አትሩጪ። የኮንዶሚኒየም ወለል ራሱ እኩል አይደለም። ሁለት ሦስት ቦታ አዙረሽ ሞክሪው፤ በየቦታው ያው እግር ካንጠለጠለ ነው ጥፋቱ የእግሩ የሚሆነው። ያኔ ያጠረው ሥር ካርቶን አድርገሽ አስተካክዪው። ትንሽ እንጨት ወለሉ ላይ አስቀምጪና በላዩ እርሳስ ይዘሽ አራቱንም እግር ዙሪያቸውን በአንድ ከፍታ ምልክት አድርጊ፤ በምልክቱ ቁረጪ።

ለማለስለሻ ብርጭቆ ወረቀቱን ከ80 ቁጥር ጀምሪ፣ ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 180 ሂጂ። ሁሌም እንጨቱ በሄደበት አቅጣጫ፤ በአግድም የተፈገፈገ ጭረት ቫርኒሽ ሲያገኝ ይጮኻል። አፍንጫሽን ሸፍኚ። 180 ላይ ስትደርሺ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ አብሺውና ይድረቅ፤ የተኙት የእንጨቱ ቃጫዎች ይቆማሉ፣ በ180 እንደገና ቀስ ብለሽ እለፊበት። ይህን ያልሠራ ሰው የመጀመሪያው ቫርኒሽ ላይ ፊቱ ሻካራ ሆኖ ይገረማል።

ቅባቱ ላይ ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግርሻል። አማትሽ ቅቤ ወይም ኑግ ቢሉሽ አመስግነሽ ተይው። የምግብ ዘይት ጠረጴዛ ላይ ለወራት ያጣብቃል፣ አቧራ ይለቅማል፣ ይሸታል። ቡናና ውኃ ለሚደፋበት ቤት ፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ይሻላል። የመጀመሪያውን በቲነር አቅጥኚው፣ እንጨቱ ይጠጣው። ከዚያ ሁለት ስስ ስስ። በየመሐሉ ከደረቀ በኋላ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርጊው። ሥሩንም ቀቢ። ሰው የማያየውን ለምን ትያለሽ፤ ላዩ ተሸፍኖ ሥሩ ክፍት ከሆነ እርጥበት የሚገባና የሚወጣው በአንድ ወገን ብቻ ስለሚሆን ፊቱ ይጎብጣል። የትኩስ ሲኒ ነጭ ክብ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ቫርኒሹ በደንብ ሳይጠና የተቀመጠ ትኩስ ነገር ነው ያን የሚያመጣው። ከመጨረሻው ቅብ በኋላ አንድ ሳምንት ምንም ትኩስ አታስቀምጪበት፤ ከዚያም በኋላ ማስቀመጫ አይጥፋ።

ቫርኒሽና ቲነር በሚቀባበት ቀን ቤት ውስጥ ከሰል እንዳይቀጣጠል፣ እጣን እንዳይጨስ። መስኮት ይከፈት። በቫርኒሽ ፈንታ የተልባ ዘይት ልቀባ ብትዪ ደግሞ የቀባሽበትን ጨርቅ ጨምቀሽ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥዪው፤ እየደረቀ ሲሄድ ራሱ ይሞቃል፣ ተጨማምቆ ከተቀመጠ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው ወይም ውኃ ውስጥ ንከሪው።

ስለ ወጪ ጠይቀሽኝ ነበር። እንጨቱ አለሽ፤ ግን መላጊያ፣ ድሪል፣ ሞርሳና ስኳድራ ሁሉን ልግዛ ካልሽ ከሱቅ ጠረጴዛ ያለፈ ገንዘብ ታወጫለሽ። ተዋሺ። የምትገዢው ጥሩ ስኳድራና አንድ የሚቆርጥ መሮ ይሁን፤ እነዚህን የሚያውስ ባለሙያ የለም፤ ቢያውስም ልቡ አብሮ ይሄዳል። ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ የባለቤትሽ ነገር ትክክል ነው፤ ገበያው ሞልቷል። እዚያ የሞላው ግን አብዛኛው ያው ጠርዙ የሚያብጠው ቺፑድ ነው፤ የዋንዛ ፊት ያለው ጠረጴዛ ዋጋ ጠይቆ ይምጣና ያኔ እንነጋገራለን።

ለፋሲካ አይደርስም። ዋንዛው ገና ከገጠር መጥቶ ከቤትሽ አየር ጋር እየተላመደ ነው፤ ሚዛኑ ቆመ እስኪል ጠብቂ፣ ከዚያ ቫርኒሹም የራሱን ቀን ይበላል። በሕማማት ሳምንት ስትሰግጂ ውለሽ ማታ ብርጭቆ ወረቀት ይዘሽ እንዳላይሽ። ዳግም ትንሣኤ አልፎ ረጋ ብለሽ ብትጀምሪ ክረምቱ ሳይገባ ትጨርሻለሽ።

ባለቤትሽን ደግሞ በአንድ ቀን ትፈልጊዋለሽ። ሦስቱ ጣውላ የሚጣበቅ ዕለት አንዱ ሲያስተካክል ሌላው ሽብልቅ የሚመታ ሁለት ሰው ግድ ነው። ኮላው ከተቀባ በኋላ ያላችሁ ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ ስልክ እንዳያነሣ አስቀድመሽ ንገሪው።